መርፌ ሌላ፣ ቅጠል ሌላ

የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየማት መንገድ አጭር ናት (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ ወደ ደቡብ ጥቂት ሲራመዱ ታልቃለች። በሱቆቿ መደርደሪያ ላይ ግን ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን ጥቁር አዝሙድ፣ እርድ፣ አብሽ፣ ዝንጅብል ተደርድሯል፤ ይህን ሁሉ ገዢው ለወጥ ብቻ ብሎ አይወስደውም። ከዚያው መገናኛ በኦሎምፒክ ወደ ምሥራቅ የነዳ ሰው ኮሪያታውን ይደርሳል፤ የአኩፓንክቸር (በመርፌ የሚሰጠው የቻይና ሕክምና) ክሊኒኩና የባህል መድኃኒት ቤቱ እዚያ ብዙ ነው። ቻይናታውን ከዚያ ቀጥሎ ነው፤ ሞንተሬይ ፓርክና የሳን ገብርኤል ሸለቆ ደግሞ ከእሱ ማዶ። ወደ ሰሜን ምዕራብ ካቀኑ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ትልቁ የሲዳርስ ሳይናይ ሆስፒታል አለ። ስለዚህ በዚህች ከተማ ካንሰር የያዘው ሐበሻ ጠዋት ኬሞ ወስዶ፣ ከሰዓት መርፌ ተወግቶ፣ ማታ የተፈላ ሥራ ሥር ሊጠጣ ይችላል፤ ሦስቱም ባለሙያዎች አንዱ የሌላውን ሥራ ላያውቁ ይችላሉ። ስለ ቻይና ሕክምና ሲወራ አንዱ ወገን ሁሉንም ይቀበላል፣ ሌላው ሁሉንም ይጥላል። ሁለቱም የሚሳሳቱት ነገሩን አንድ አድርገው በማየታቸው ነው። መርፌው የካንሰር ሕክምናን ስቃይ በማቅለል ረገድ ጥሩ ማስረጃ አለው፣ በትክክለኛ እጅ ሲሆን ጉዳቱም ትንሽ ነው። ቅጠሉና ሥራ ሥሩ ግን መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት በመሆኑም ከኬሞው ጋር በአንድ ጉበት ውስጥ ይገናኛል። የመጀመሪያውን መፈለግ ተገቢ ነው፤ ሁለተኛው የካንሰር ሐኪሙ ሳያውቀው ወደ አፍ ሊገባ አይገባም። ዕጢውን ያሟሟል ተብሎ የቀዶ ጥገናን፣ የኬሞን ወይም የጨረርን ቦታ ሊይዝ የሚችል ግን ከሁለቱም አንዱም የለም።

የቻይና ሕክምና ወደ አሜሪካ ሆስፒታል የገባው በስርቆሽ በር አይደለም። የኒው ዮርክ ታይምሱ ጋዜጠኛ ጄምስ ሬስተን በ1971 ቤጂንግ ሳለ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፣ ከዚያ በኋላ የመጣበት የሆድ ሕመም በመርፌ እንደታገሠለት ጻፈ፤ አሜሪካ ጆሮዋን የሰጠችው ያኔ ነው። ካሊፎርኒያ በ1970ዎቹ አጋማሽ ለአኩፓንክቸር ባለሙያዎች ፈቃድ መስጠት ጀመረች። ዶክተር ካ-ኪት ሁይ በ1993 በዩ.ሲ.ኤል.ኤ. የምሥራቅና የምዕራብ ሕክምና ማዕከልን አቋቋሙ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የጠራው የባለሙያዎች ጉባኤ በ1997 መርፌ ከቀዶ ጥገናና ከኬሞ በኋላ ለሚመጣ ማቅለሽለሽና ትውከት እንደሚረዳ ተቀበለ። በ2023 ደግሞ የፓንዳ ኤክስፕረስ ምግብ ቤቶች መሥራቾች አንድሩና ፔጊ ቸርንግ፣ ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ ዱዋርቴ ላለው የሲቲ ኦፍ ሆፕ የካንሰር ማዕከል ለዚሁ ዓይነት የተቀናጀ ሕክምና 100 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ። ለእኛም ነገሩ ያን ያህል ባዕድ አይደለም። የቻይና የሕክምና ቡድኖች ከ1974 ጀምሮ በኢትዮጵያ ሠርተዋል፤ አዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ ያለው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም የዚያው ግንኙነት ፍሬ ነው። ቻይናዎች በጽዋ የሚያደርጉትን ደም መሳብም አገራችን በቀንድ፣ በዋግምት፣ ከጥንት ጀምሮ ታውቀዋለች።

የመርፌው ጥቅም ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ነው፤ ይህም በኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይ ከሁሉ በላይ የሚበዛው ካንሰር ስለሆነ ነገሩ የቤታችን ጉዳይ ነው። ዕጢያቸው በኤስትሮጅን የሚመገብ፣ የወር አበባቸውም የቆመ ሴቶች ከቀዶ ጥገና በኋላ ኤስትሮጅንን የሚያደርቅ ኪኒን ለ5 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይውጣሉ። ኪኒኑ ካንሰሩ እንዳይመለስ ይከላከላል፤ ግን ጉልበትንና ጣቶችን፣ ትከሻንና ወገብን ያሳምማል። ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ እጅ አልጨበጥ ይላል፣ ደረጃ መውረድ ፈተና ይሆናል። ብዙ ሴቶች ኪኒኑን የሚተዉት ካንሰርን መፍራት ትተው ሳይሆን ይህን ሕመም መቋቋም አቅቷቸው ነው። በ2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት እንዲህ ያለ ሕመም ያለባቸውን 226 ሴቶች በዕጣ ለሦስት ከፈለ፤ አንዱ ቡድን እውነተኛ መርፌ፣ ሁለተኛው ከትክክለኛው ቦታ ውጪ ለይምሰል የሚወጋ መርፌ አገኘ፣ ሦስተኛው ወረፋ እንዲጠብቅ ተደረገ። በ6 ሳምንት ውስጥ፣ ከ0 እስከ 10 በሚሄደው የሕመም መለኪያ፣ የእውነተኛው መርፌ ቡድን ሕመም በ2 ነጥብ ገደማ ሲቀንስ የሌሎቹ በ1 ነጥብ ገደማ ብቻ ቀነሰ። ልዩነቱ አንድ ነጥብ ነው፤ ተአምር አይደለም፣ ማንም ተአምር ብሎ ሊሸጠው አይገባም። ነገር ግን ኪኒኑን ልተወው ወይስ ልቀጥል እያለች ለምታመነታ ሴት አንዷ ነጥብ ብዙ ልታመዝን ትችላለች። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበርና የተቀናጀ የካንሰር ሕክምና ማኅበር በ2022 ባወጡት የጋራ መመሪያ ለዚህ ዓይነቱ የመገጣጠሚያ ሕመም አኩፓንክቸር እንዲሰጥ የመከሩትም በዚህ ዓይነት ማስረጃ ላይ ቆመው ነው። መርፌው ካንሰሩን አልነካውም፤ ሴትየዋ ካንሰሩን የሚከላከለውን ኪኒን እንዳታቋርጥ ግን ሊረዳት ይችላል። የደጋፊ ሕክምና ትልቁ ዋጋ በእኔ ዳኝነት ይኸው ነው፤ ዋናውን ሕክምና ታማሚው እስከ መጨረሻው እንዲዘልቀው ማድረግ።

በክሊኒኩ ውስጥ የሚሆነው ነገር ከሚፈራው በጣም ያነሰ ነው። መርፌው ደም እንደሚቀዳበት መርፌ ውስጡ ክፍት አይደለም፣ ውፍረቱም ብዙውን ጊዜ ከ0.3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ በውስጡ የሚገባ መድኃኒት የለም፣ አንዴ ብቻ ተወግቶ ይጣላል። ለማቅለሽለሽ ከሚታወቁት ቦታዎች ዋነኛው ቻይናዎች ኔይጓን የሚሉት ነው፤ ከእጅ አንጓ መስመር ሦስት ጣት ያህል ወደ ክርን ከፍ ብሎ፣ በሁለቱ ጅማቶች መሃል ይገኛል። ቦታው በጣት ሲጫኑትም ስለሚረዳ አንዳንድ ሆስፒታሎች ታማሚው ኬሞ በሚወስድበት ቀን ራሱ እንዲጫነው ያስተምራሉ፤ ይህ ገንዘብም ቀጠሮም አይጠይቅም። ባለሙያው መርፌዎቹን ሰክቶ ግማሽ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ታማሚውን ጋደም አድርጎ ይተወዋል። ጥንቃቄው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ኬሞ ነጭ የደም ሕዋስን ሲያወርድ ትንሽ ቀዳዳም የኢንፌክሽን በር ልትሆን ትችላለች፤ ፕላትሌት ሲያንስ ደም አልቆም ይላል። ስለዚህ የካንሰር ታማሚን የሚወጋ ባለሙያ የቅርቡን የደም ምርመራ ውጤት ሳያይ መርፌ ማንሳት የለበትም። ብብቷ ሥር ያሉት የሊምፍ እጢዎች የወጡላት ሴት በዚያ በኩል ያለውን እጅ እንዳይወጉባት አስቀድማ ትናገር። እዚህ ላይ ዋግምትን ማንሳት ግድ ነው። ቆዳ ተበጥቶ፣ ደም በቀንድ ተስቦ የሚሠራው ዋግምት በኬሞ ሳምንታት ውስጥ በፍጹም የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ለጤነኛ ሰው ጠባሳ ትቶ የሚያልፈው ብጣት ነጭ ሕዋስ ላነሰው ሰው ሕይወት የሚያሳጣ የደም ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።

ተጠራጣሪው እዚህ ላይ ጥሩ ጥያቄ አለው፤ «መርፌው የሚሠራው ሰውየው ስላመነበት ቢሆንስ? ጋደም ብሎ፣ በደግ እጅ ተነክቶ፣ ግማሽ ሰዓት ያረፈ ሰው እንዴት አይሻለው?» ጥያቄው የተሰነዘረው ከባዶ አይደለም። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት በአንገትና በጉሮሮ ካንሰር ምክንያት ጨረር የሚወስዱ 399 ሰዎችን በሻንግሃይና በሂዩስተን ተከታተለ፤ ጨረሩ የምራቅ እጢዎችን ስለሚጎዳ አፋቸው ይደርቃል። ከዓመት በኋላ መርፌ ያገኙት ምንም ካላገኙት ይልቅ አፋቸው እምብዛም አልደረቀም። በሻንግሃይ እውነተኛው መርፌ ከይምሰሉ በግልጽ በለጠ፤ በሂዩስተን ግን ይምሰሉም ከእውነተኛው ብዙ አላነሰም። ይህን ውጤት የሚደብቅ የቻይና ሕክምና ደጋፊ ሐቀኛ አይደለም። የማረፉ፣ የመነካቱ፣ የተስፋው ድርሻ በእርግጥ አለበት፤ ምን ያህሉ የመርፌው፣ ምን ያህሉ የዚያ እንደሆነ ለመለየትም ጊዜ ይፈጃል። ነገር ግን ይህን መርፌው ከሚመዘንበት ሚዛን ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። መርፌ ዕጢ ያጠፋል ብሎ የሚናገር ሰው ቢመጣ ከፍ ያለ ማስረጃ እንጠይቀዋለን፤ ስህተቱ ነፍስ ያስከፍላልና። የማቅለሽለሽና የሕመም ማስታገሻ ግን ታማሚው ራሱ የሚመሰክርበት ነገር ነው፤ ጉዳቱ ትንሽ፣ ሌላ ኪኒን የማይጨምር፣ ዋናውን ሕክምና የማይነካ ከሆነ ጥቂት ጥቅሙም ይበቃል። ለሕመም ማስታገሻ ተጨማሪ ኪኒን መዋጥ የራሱ የሆድ ድርቀት፣ የራሱ መፍዘዝ አለውና ሚዛኑ በዚያ በኩልም ይታይ።

ቅጠሉ ግን በዚህ ሚዛን አይለካም። ለምን እንደሆነ ለማሳየት ከአገራችን ቁጥቋጦ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። አጣጥ በደጋውም በወይና ደጋውም የሚታወቅ እሾሃማ ዛፍ ነው፤ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለፀረ ካንሰር ፍተሻ ከዓለም ዙሪያ ዕፅዋት ሲያሰባስቡ ከኢትዮጵያ የወሰዱት አንዱ ናሙና ከዚህ ወገን ነበር። በ1972 ኬሚስቱ ሞሪስ ካፕቻንና ባልደረቦቻቸው ከዚያ ናሙና ውስጥ እጅግ ጥቂት የሆነ፣ እጅግ ግን ኃይለኛ ንጥረ ነገር አውጥተው ሜይታንሲን አሉት። ሕዋስ ሲከፈል የሚጠቀምባቸውን ረቂቅ ምሰሶዎች እንዳይገነቡ ስለሚያግድ የካንሰርን ሕዋስ በጣም በትንሽ መጠን ይገድላል። ተስፋው ትልቅ ነበር፤ በሰው ላይ ሲሞከር ግን ጤነኛውንም ሕዋስ አብሮ ስለመታ ታማሚዎቹን ክፉኛ አስታወከ፣ አስቀመጠ፣ ነርቫቸውንም ጎዳ፤ ሙከራው ተቋረጠ። ነገሩ ለዓመታት ከተረሳ በኋላ ሳይንቲስቶች የዚህን ንጥረ ነገር ዘመድ ኸር-2 የሚባለውን የጡት ካንሰር ምልክት ፈልጎ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አሰሩት፤ መርዙ በመላው ሰውነት ከመበተን ይልቅ በካንሰሩ ሕዋስ ውስጥ እንዲፈታ ማለት ነው። መድኃኒቱ ካድሳይላ ተብሎ በ2013 በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጸደቀ። በ2019 የታተመ ትልቅ ጥናትም ከቀዶ ጥገና በፊት በተሰጠው ሕክምና ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ ላልጠፋላቸው ሴቶች፣ ቀድሞ ይሰጥ ከነበረው መድኃኒት ጋር ሲነጻጸር፣ የካንሰሩን መመለስ ወይም ሞትን በግማሽ እንደቀነሰ አሳየ። ዛሬ በሎስ አንጀለስ አንድ ሆስፒታል ወንበር ላይ ተቀምጣ ይህን መድኃኒት በደም ሥሯ የምትቀበል ኢትዮጵያዊት፣ ሳታውቀው፣ ግኝቱ ከአገሯ ቁጥቋጦ የጀመረ ሕክምና እያገኘች ነው። ይህን ያነበበ ሰው ግን አጣጥ ቀቅሎ እንዳይጠጣ አጥብቄ እለምናለሁ። በዚያ ስም የሚጠሩ ልዩ ልዩ ዕፅዋት አሉ፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው መጠንም ከዛፍ ዛፍ ይለያያል፤ ንጥረ ነገሩ ብቻውን ሲወሰድ ምን እንዳደረገም አይተናል። አጣጥን መድኃኒት ያደረገው ልኬቱና መንገዱ ነው።

ከቻይና መዝገብም ተመሳሳይ ታሪክ ይወጣል። በሐርቢን ከተማ ዣንግ ቲንግዶንግና ባልደረቦቻቸው በ1970ዎቹ ከባህል መድኃኒት ያገኙትን አርሰኒክ በአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ላይ ሞከሩት፤ ንጹሕ ሆኖ፣ በልክ ሆኖ፣ በ2000 በአሜሪካ ጸደቀ፣ ያንንም ገዳይ የነበረ በሽታ በአብዛኛው ሊድን የሚችል አደረገው። በየጤና ጣቢያችን ለወባ የሚሰጠው ኮአርተምም መነሻው ቱ ዩዩ ከቻይና ጥንታዊ ዕፅ ያወጡት ንጥረ ነገር ነው፤ ለዚህም በ2015 ኖቤል ተሸልመዋል። ስለዚህ የምሥራቁን ቅጠል «ምንም የለውም» ብሎ የሚያጣጥል ሰው ታሪኩን አያውቅም ማለት ነው። የእኔ ሙግት ተቃራኒው ነው፤ ቅጠሉ ብዙ ነገር አለው፣ የሚያስፈራውም ስላለው ነው።

ያ ያለው ነገር ሳይለካ ሲወሰድ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ወደ ብራስልስ እንሂድ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአንድ የማክሻ ክሊኒክ የቻይና ዕፅ የተጨመረበት ኪኒን የወሰዱ ከ100 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ደከመ። አንዱ ዕፅ ስሙ በሚመሳሰል ሌላ ዕፅ ተተክቶ ነበር፤ የተተካው አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል መርዝ ነበረው። በ2000 በወጣው ጥናት፣ የከሸፈ ኩላሊታቸው አስቀድሞ ለጥንቃቄ ከወጣላቸው 39 ሰዎች 18ቱ በሽንት ቧንቧቸው ላይ ካንሰር ተገኘባቸው። ሁለተኛው ታሪክ የደጃችን ነው። ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ብሬያ ከተማ የሚመረት ፒሲ-ስፔስ የተባለ ባለ 8 ዕፅ መድኃኒት ለፕሮስቴት ካንሰር እየተባለ ይሸጥ ነበር፤ የታማሚዎቹ የደም ምርመራ ውጤት በእርግጥም ይሻሻል ስለነበር የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሳይቀሩ ሊያጠኑት ጀምረው ነበር። በ2002 ሲመረመር ግን በጠርሙሱ ውስጥ ሰው ሠራሽ ኤስትሮጅን፣ ዋርፋሪን የሚባለው ደም ማቅጠኛና ኢንዶሜታሲን የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ተገኙ፤ ከገበያ ተነሳ። ውጤቱን ያመጣው የቻይና ጥበብ ነው ብለው ያመኑ ሰዎች ሳያውቁ የፋብሪካ ሆርሞን ሲውጡ ነበር።

ዕፁ ንጹሕ ቢሆንም ጣጣ አለው። ጉበት ብዙ የኬሞ መድኃኒቶችን የሚያፈርስባቸው ኢንዛይሞች ብዙ ዕፅንም የሚያፈርሱት እነዚያው ናቸው፤ ዕፁ ኢንዛይሙን ካነቃው ኬሞው ሳይሠራ ይወጣል፣ ካፈዘዘው ደግሞ ኬሞው በደም ውስጥ ተከማችቶ ይመርዛል። ቅዱስ ዮሐንስ ሣር እየተባለ ለድብርት በየአሜሪካው ፋርማሲ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጠው ዕፅ፣ ለአንጀት ካንሰር የሚሰጠው ኢሪኖቴካን በሰውነት ውስጥ ሥራውን የሚሠራበትን ቅርጹን በ42 በመቶ እንደቀነሰ በ2002 ታይቷል። ታማሚው ሙሉ ኬሞ ወስጃለሁ ይላል፣ የደረሰው ግን ከግማሽ ጥቂት የሚበልጠው ብቻ ነው። በዚሁ በሎስ አንጀለስ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 በቤተ ሙከራና በአይጥ ላይ ባደረጉት ሥራ በአረንጓዴ ሻይ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ቦርቴዞሚብ የተባለውን የመቅኒ ካንሰር መድኃኒት ይዞ ከሥራ ውጪ አደረገው። ሻይን ማን መድኃኒት ነው ብሎ ለሐኪም ይናገራል? ጥናቱን ያደረጉት ሰዎችም የሻዩን በጎነት እናገኛለን ብለው ነበር የተነሱት። ስለ እርድ ክኒን፣ ስለ ጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ ስለ አብሽ ውሃም ጥያቄው ያው ነው። በወጥ ውስጥ ያለ እርድ ሌላ ነገር ነው፣ ምግብ ነው፤ ተጨምቆ፣ ተከማችቶ፣ በቀን ብዙ ክኒን ሆኖ የሚዋጥ እርድ ግን መድኃኒት ሆኗል።

«ሦስት ሺህ ዓመት የተፈተነን ነገር የትናንቱ ላቦራቶሪ ይፈትነዋል?» የሚለው ተቃውሞ ከቻይናውም ከሐበሻውም አፍ ይሰማል፤ ክብር የሚገባው ሙግት ነው። የአባቶች ዕውቀት በፍጥነት የሚታየውን ነገር በደንብ ያውቃል። ኮሶ ትሉን ማውጣቱ በማግስቱ ይታያል፤ ዝንጅብል ሆድን ማረጋጋቱ በሰዓታት ውስጥ ይታወቃል። ኬሞ በሚወስዱ 576 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2012 የታተመ ጥናትም በቀን ግማሽ ወይም 1 ግራም ዝንጅብል የመጀመሪያውን ቀን ማቅለሽለሽ እንደቀነሰ አሳይቶ አባቶችን አግዟል። ከዓመታት በኋላ የሚመጣን የሽንት ቧንቧ ካንሰር ግን ከዚያ ቅጠል ጋር ማን ሊያገናኝ ይችል ነበር? ደግሞም የትኛውም አዋቂ፣ ቻይናዊም ይሁን ጎጃሜ፣ ቅጠሉን ከኢሪኖቴካን ጋር አልፈተነውም፤ ኢሪኖቴካን አልነበረማ። የዕድሜ ምስክርነት የሚሠራው ለተፈተነበት ነገር ብቻ ነው። በዘመኑ መንገድ ሲፈተን ያለውን ውጤትም እንይ። በሆንግ ኮንግ 120 የጡትና የአንጀት ካንሰር ታማሚዎች የባህል ሐኪም ለእያንዳንዳቸው ያዘዘውን ዕፅ ወይም ተመሳስሎ የተሠራ ባዶ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ በ2007 የወጣው ውጤት ዕፁ የደም ሕዋስ መውረድን እንዳልከለከለ፣ ማቅለሽለሽን ግን እንደቀነሰ አሳየ። ሁዋንግ ቺ የተባለውን ሥር ከሳንባ ካንሰር ኬሞ ጋር ያጠኑ 34 ጥናቶች በ2006 ተሰባስበው ሲታዩ ተስፋ የሚሰጡ ቢመስሉም የብዙዎቹ አሠራር ደካማ ስለነበር ማንም በእነሱ ላይ ቆሞ ሊወስን አልቻለም። በዬል ዩኒቨርሲቲ ዩንግ-ቺ ቼንግ 1,800 ዓመት ያስቆጠረ ባለ 4 ዕፅ ቅመማ ከዘመኑ ጥራት ጋር አዋህደው በኬሞ የሚመጣን ተቅማጥ ለማስታገሥ ለዓመታት ሲያጠኑ ኖረዋል። እኔ በጣም የማከብረው ይህን መንገድ ነው፤ አሮጌውን ቅመማ አይንቅም፣ ፈተናንም አይፈራም።

ሌላው ተቃውሞ ከፍርሃት ይነሳል፤ «ኬሞ መርዝ ነው፣ ተፈጥሮ ግን አያሳስትም»። ኬሞ መርዝ መሆኑ እውነት ነው። ከላይ እንዳየነው ሜይታንሲንም መርዝ ነው፣ እሱን የሠራው ደግሞ ተፈጥሮ ነው። የዬል ተመራማሪዎች በ2018 ባወጡት ጥናት ሊድን ለሚችል ካንሰር አማራጭ ሕክምና ብቻ የመረጡ 281 ሰዎች የተለመደውን ሕክምና ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት ዕድላቸው 2.5 ጊዜ ሆነ። በዚያው ዓመት የወጣ ሁለተኛው ጥናታቸው ግን ለዚህ ምዕራፍ ይበልጥ ይናገራል፤ ከተለመደው ሕክምና ቢያንስ አንዱን ወስደው ሌላም የጨመሩ 258 ሰዎችን ነው የተመለከተው። የእነዚህም የመሞት ዕድል እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ሲፈለግ ግን ጭማሪው አልነበረም፤ ከእነዚህ ሰዎች 34 በመቶው ኬሞን፣ 53 በመቶው ጨረርን እምቢ ብለው ነበር። «ደጋፊ» ብለው የጀመሩት ነገር ቀስ በቀስ ምትክ ሆነባቸው። ስለዚህ አንድ ባለሙያ ደጋፊ መሆኑ የሚለየው ከግድግዳው የተሰቀለው ሥዕል ምን እንደሆነ በማየት አይደለም፤ ታማሚው የሚቀጥለውን የኬሞ ቀጠሮ እንዲያከብር ይገፋዋል ወይስ «ትንሽ እንቆይ» ይለዋል? «ትንሽ እንቆይ» ካለ፣ ታማሚው ዕቃውን ይዞ ይውጣ።

ይህን ዓይነት ጥያቄ የእኛ ሰው ከቻይና ሕክምና በፊት በጸበል ላይ አሳልፎታል። በእንጦጦ ማርያም ጸበል የሚጠመቁ የኤች.አይ.ቪ. ታማሚዎች መድኃኒቱን እንዲተዉ ይነገራቸው በነበረ ጊዜ ብዙ ሰው አለቀ። በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር መሆናቸውን፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም በይፋ ተናገሩ። ደጋፊና ዋና ሕክምና አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ከዚያ የበለጠ ግልጽ የአገራችን ምሳሌ አላውቅም። «ቻይናዎች ቺ የሚሉት የሰውነት ኃይል የሌላ እምነት መንፈስ ነው» ብለው መርፌውን የሚፈሩ ምእመናንም አሉ፤ ፍርሃታቸው ሊናቅ አይገባም። ከላይ ያየነው የ226ቱ ሴቶች ጥናት ግን ማንም በቺ እንዲያምን አልጠየቀም። ሕመሙ በሚለካበት ወረቀት ላይ እምነት የሚጻፍበት ቦታ የለም፤ በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚወጋው ሐኪምም ብዙ ጊዜ ስለ ነርቭ እንጂ ስለ መንፈስ አያወራም።

ትልቁ ችግር ዝምታው ነው። ታማሚው ለካንሰር ሐኪሙ ስለሚጠጣው ነገር የማይናገረው ብዙውን ጊዜ እንዳይቆጣው ወይም እንዳይንቀው ፈርቶ ነው፤ አንዳንዴም ቃሉን በእንግሊዝኛ ስለማያውቀው፣ ልጁ ሲያስተረጉምም ስለሚያፍር ነው። በአሜሪካ ሆስፒታል ታማሚ በነጻ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው፤ አማርኛም በስልክ ወይም በቪዲዮ ይገኛል፣ ሲጠየቅ ብቻ ነው። የዕፁን ስም በእንግሊዝኛ ፈልጎ ማግኘት አያስፈልግም፤ ከየሱቁ የተገዛውን ጠርሙስና ፌስታል ሁሉ፣ ጽሑፉ በቻይንኛም ይሁን በአማርኛ፣ በአንድ ቦርሳ ይዞ መሄድ ይበቃል። በካንሰር ክፍሉ ያለው ፋርማሲስት ከኬሞው ጋር አስተያይቶ ይናገራል። የመርፌውን ባለሙያ በተመለከተ ደግሞ በካሊፎርኒያ የአኩፓንክቸር ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ፈቃዱን በስሙ ማጣራት ይቻላል፤ የካንሰር ታማሚ አዘውትሮ ያክም እንደሆነ፣ የደም ምርመራ ይጠይቅ እንደሆነ በግልጽ መጠየቅ ነው። ስለ ገንዘቡም ሰው በከንቱ ተስፋ እንዳይቆርጥ፤ የፌዴራሉ የጤና መድን ሜዲኬር ለአኩፓንክቸር የሚከፍለው ለቆየ የወገብ ሕመም ብቻ ሲሆን፣ የካሊፎርኒያው ሜዲ-ካል ግን ከ2016 ጀምሮ ለጽኑና ለማይለቅ ሕመም በወር እስከ ሁለት ጊዜ ይሸፍናል። ቀዶ ጥገና የሚጠብቀው ሰው ለሰመመን ሐኪሙም ያንኑ ቦርሳ ያሳይ፤ ብዙ ዕፅ ደምን ስለሚያቀጥን ወይም ከሰመመኑ ጋር ስለሚጋጭ ቢያንስ ከ2 ሳምንት በፊት እንዲቆም ይመከራል።